ኡስታ ረጀብ የእርግቡን ግንብ ከውስጥ የዘጋ ጊዜ

«አርባ ሰባት ጆንያ? አርባ ሰባት! አምና ስልሳ ሁለት የወጣው ግንብ ዘንድሮ አርባ ሰባት? ምነው፣ እርግቦቼ ጾም ገቡ እንዴ?»

የግንቡ እመቤት ገውሀር ኻኑም ይህን የሚናገሩት ከግንቡ ሃያ እርምጃ ርቀው፣ የጥቁር መከናነቢያቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ ይዘው ነው። ለሐብሐብ ማሳ ማዳበሪያ የሚሆነው የእርግብ ኩስ የሚወጣው በዓመት አንዴ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የከረመ ነገር ሲወጣ ደግሞ ሽታው ባለርስትና ጭሰኛ አይለይም።

«እኔን ምን ይጠይቁኛል ኻኑም» አለ ግንበኛው ኡስታ ረጀብ ከአካፋው ላይ ቀና ሳይል። «የምጥለው እኔ አይደለሁ።»

«የምትወስደው ግን አንተ ልትሆን ትችላለህ።»

አሁን ቀና አለ። «ምን አሉ?»

«ያልኩትን ሰምተሃል። በሩን የምትዘጋው አንተ፣ የምትከፍተው አንተ። በመሃል አሥራ አምስት ጆንያ ክንፍ አውጥቶ በረረ?»

«በሩ ላይ ያተሙት ማኅተምስ? ዛሬ ጠዋት አጠገቤ ቆመው አላዩትም? እንደ እንቁላል ደህና አልነበረም?»

«ማኅተም የፈለገ ሰው ማኅተም ያስቀርጻል።»

«ኻኑም፣ እኔ የራሴን ስም መጻፍ የማልችል ሰው፣ የእርስዎን ስም ልቀርጽ?»

«ለሌብነት የሚሆን ትምህርት ለማንም አይጠፋም!»

ጆንያ የሚጭኑት ሁለት ሰዎች ፊታቸውን ወደ አህዮቹ አዙረው ሳቁ። ኡስታ ረጀብ አልሳቀም። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። የዚህን ግንብ በር አርባ አንድ ጊዜ ከፍቷል፣ አርባ ጊዜ ዘግቷል፤ አርባ አንደኛው ከሰዓት በኋላ ይጠብቀዋል። በዚህ ሁሉ ዓመት ስስታም ተብሏል፣ ደረቅ ተብሏል፣ ራሰ በራ ተብሏል፤ ሌባ ሲባል የመጀመሪያው ነው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ነግሬዎታለሁ» አለ። «እርግቦቹ እያለቁ ነው። ጥጡ ላይ መርዝ ይረጫል፤ ጠዋት ለቀማ የወጣው ማታ አይመለስም። ይኸው በሩ ክፍት ነው፣ ገብተው ይዩ።»

«እኔ? እዚያ ውስጥ?» መከናነቢያቸውን አጠበቁ። «አባቴ የአሥራ አንድ ግንብ ጌታ ነበር፤ አንዱ ውስጥ እግሬን አላስገባሁም። ዛሬ ላንተ ብዬ ኩስ ልረግጥ?»

«እንግዲያው ሳያዩ አይናገሩ።»

«እንግዲያው ሳትሰርቅ አትቆጣ!»

ይህን ብለው ሄዱ። አህዮቹም ጆንያቸውን ይዘው ተከተሏቸው።

ለጉልሸንአባድ መንደር ሰው ይህ ጠብ አዲስ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ብርዱ ሲለቅ፣ የጸደዩ አዲስ ዓመት ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ የሐብሐቡ ማሳ ከመታረሱ በፊት ግንቡ ይከፈታል። ግንቡ ሲከፈት የሁለቱም አፍ አብሮ ይከፈታል። ከዚያ ደግሞ ክፍያው አለ። ለመክፈት፣ ለመጥረግ፣ ለመጠገንና ለመዝጋት ስልሳ ቱማን መሆኑን እንኳን ሰው አህያውም ያውቃል። ኡስታ ረጀብ በማግስቱ ጠዋት ገውሀር ኻኑም ደጅ ይደርሳል። እሳቸው «አንድ ጡብ ሰብረሃል» ብለው አርባ ይሰጡታል። በሁለተኛው ቀን ስለዚያች ጡብ ተከራክረው አሥር ይጨምሩለታል። በሦስተኛው ቀን የቀረችውን አሥር ውሻ ላይ ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው ይወረውሩለታል። አንድ ዓመት ክርክሩ ስድስት ቀን ፈጅቶ ሻይ ቤት ውስጥ ውርርድ ተይዞበት ነበር። በኛ በኢስፋሃን አገር ሒሳቡን ባንዴ ሙሉ የሚከፍል ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ አገር ሊለቅ ነው።

እና ገውሀር ኻኑም ድሃ ሆነው አይደለም፤ ሀብታም ሆነውም አይደለም። መሬቱ ለገበሬው ሲከፋፈል እርሻው ሁሉ ሄደ። ግንብ ግን እርሻ አይደለምና፣ ያከፋፈሉት ሰዎችም ምን እንደሚያደርጉት ግራ ቢገባቸው፣ የመጨረሻዋ አንዷ ግንብ ለሳቸው ቀረች። ባላቸው ከሞቱ አሥራ ስድስት ዓመት ነው። ቤታቸው አሥራ አራት ክፍል አለው፤ የሚኖሩት ባንዱ ነው። ይህንን ኡስታ ረጀብ ጣራ ሲጠግን አይቷል፤ አይቶ ዝም ብሏል።

የእሱ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ከዚያም ውስጥ የሚጠቀመው ጥጉን ብቻ ነው። ሚስቱ ጉልአንዳም ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። በሕይወቷ «እኔ ያገባሁት ግንብ ነው» ትል ነበር፤ ማታ ሲገባ ልብሱን በር ላይ አስወልቃ በመጥረጊያ ትመታለች፣ አንዳንዴ እሱ ልብሱ ውስጥ እያለ። ልጁ ሰዲቄ ቴህራን ናት። በየአዲስ ዓመቱ ደብዳቤ ትልካለች፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ ጮክ ተብሎ ይነበብለታል። ስለዚህ እሱ ስለ ልጁ የሚያውቀውን መንደሩም ያውቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያውቀው የለም።

ሥራውን የተማረው ካባቱ ነው። አባቱም ግንበኛ ነበር፤ ብዙ የማይናገር ሰው፣ ሲናገርም ስለ ጡብ። «ሌላ ቤት» ይለው ነበር «የሚሠራው ክብደት እንዲችል ነው። የእርግብ ግንብ የሚሠራው ድንጋጤ እንዲችል ነው።» ነገሩ እንዲህ ነው፤ እባብ አንድ ጊዜ ውስጥ ከገባ፣ በሺህ የሚቆጠር እርግብ ባንድ ትንፋሽ ይነሳል። የዚያ ሁሉ ክንፍ ምት ልሙጥ ግድግዳ ካገኘ ግንቡን እንደ ከበሮ መትቶ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ግንቡ ልሙጥ አይደለም። ከውጭ ሲያዩት ወፍራም ክብ ነገር ነው፤ ከውስጥ ግን ግንብ በግንብ ውስጥ ነው። መሃል ላይ አንድ ቀጭን ክብ ግንብ ይቆማል፤ ከዙሪያው ስምንት የጡብ ክንዶች እንደ ጋሪ መንኮራኩር ወጥተው የውጭውን ግድግዳ ደግፈው ይይዙታል፤ ክንዶቹ በየፎቁ በቅስት ተያይዘዋል። በነዚህ ሁሉ ላይ፣ ከእግር እስከ ራስ፣ የጎጆ ቀዳዳ ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ለሁለት ወፍ ይበቃል፣ ለሦስተኛ አይበቃም። ድንጋጤው እዚያ ሁሉ ቀዳዳ ውስጥ እየገባ ይበርዳል።

ውጭው ላይ ደግሞ በወገብ በኩል በጀሶ ተለስኖ በቀይ አፈር የተቀባ መቀነት አለ፤ እባብ እዚያ ሲደርስ ይንሸራተታል። እርግቦቹ የሚገቡት በአናቱ ነው። እዚያ ጡቡ ክፍተት እየተተወለት የተደረደረባቸው ትንንሽ ማማዎች አሉ፤ ክፍተቱ እርግብ ያሳልፋል፣ ጭልፊት አያሳልፍም። በሩ ግን በር አይደለም። ሳንቃ ቢሆን አይጥ ይበላዋል፣ ሌባ ይከፍተዋል። ስለዚህ ኩሱ ከወጣ በኋላ በጡብና በጭቃ ይደፈናል፣ ከግድግዳው ጋር እኩል ይለሰናል፣ ጭቃው ሳይደርቅ ባለቤቱ ማኅተሙን ያሳርፍበታል። እስከሚመጣው ዓመት ያንን ማኅተም የነካ ሰው ሌባ ነው፤ ምክንያት አይጠየቅም።

እንግዲህ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አህዮቹ ከሄዱ ወዲያ፣ ኡስታ ረጀብ ጫማውን አወለቀና ከግድግዳው ሥር አስቀመጠ። ጭቃና ጭድ በእግር ነውና የሚቦካው። ቢያቦካም ነፋስ ተነሳ፤ ከጨው በረሃው በኩል የሚመጣው ያ ደረቅ ነፋስ ጭቃውን ገና ሳይነካው ያደርቅበት ጀመር። አንድ ባልዲ ሞልቶ ወደ ውስጥ አስገባው። ጡቡንም አስከትሎ አስገባ። አንድ ቀዳዳ መጠገን ነበረበት፤ ጠገነ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ መደርደር ጀመረ።

እጁ ይሠራል፣ አፉ ደግሞ ገውሀር ኻኑምን ያነጋግራል።

«ሌባ? እኔን? ባልሽ አምኖኝ የሞተ ሰው!» እሳቸው በሌሉበት አንቺ ማለት ይወዳል። አንድ ጡብ። «አሥራ አምስት ጆንያ ሰርቄ የት ላድርገው? ትራስ ልሥራበት?» አንድ ጡብ። «አሥራ አንድ ግንብ ነበረን ትላለች። አሥሩን የበላው ማነው? እኔ ነኝ?» አንድ ጡብ፣ አንድ ጡብ። እንዲህ ጥሩ መልስ በቦታው መጥቶለት አያውቅም። የመጨረሻውን ጡብ በመዳፉ ጫፍ መታ መታ አድርጎ አስገባው።

ጨለመ። ኡስታ ረጀብ መሸ ብሎ አሰበ፤ በጥሩ ሰዓት ጨረስኩ አለ። ቀጥሎ ጫማውን ፈለገ። ጫማው ውጭ ነው። እሱ የት እንደሆነ ያወቀው ከጫማው ነው።

አንድ ግንበኛ በሕይወቱ ብዙ ዓይነት ስሕተት ይሠራል። ግድግዳ ያጣምማል፣ ደረጃ ያሳጥራል። በአርባ አንድ ዓመት ራሱን ገንብቶ የዘጋ ግን አይታወቅም። ኡስታ ረጀብ ጡቡን በመዳፉ ዳሰሰ። ጭቃው እርጥብ ነው፤ አንድ ጊዜ በትከሻው ቢገፋው ይወድቃል። ሊገፋው ሲል ውጭ ኮቴ ሰማ።

«ኡስታ ረጀብ!» ገውሀር ኻኑም ናቸው፣ ማኅተማቸውን ይዘው የመጡት። «ኡስታ ረጀብ! ... ሄዷል። ልስኑን ሳይጨርስ፣ ሰላም ሳይል! ዓይኑን በጨው ያጠበ!»

ኡስታ ረጀብ አፉን ከፈተ። ከዚያ ነገ ሻይ ቤቱ ውስጥ የሚሆነውን አሰበ። ከሃምሳ ዓመት በፊት በሠርጉ ቀን ሱሪውን ገልብጦ የለበሰ ሰው ነበር፤ ዛሬም የልጅ ልጆቹ በሱሪው ነው የሚጠሩት። ኡስታ ረጀብ አፉን መልሶ ዘጋ።

ገውሀር ኻኑም ውጭ የተረፈውን ጭቃ በእጃቸው እያፈሱ ሲለስኑ በጡቡ በኩል ይሰማዋል። «እጄን እዩልኝ» ይላሉ ለራሳቸው። «በስተርጅና ጭቃ ለቃሚ አደረገኝ።» ቀጥሎ ድምፃቸው ቀነስ ብሎ መጣ፦ «ባያኮርፍ ምን ነበር። ሌባ እኮ አላልኩትም። ልትሆን ትችላለህ ነው ያልኩት።»

ከዚያ ዱብ አለ፤ ማኅተሙ ነው። ኮቴው ራቀ። ግድግዳው ሥር የተቀመጠውን ጫማ በምሽቱ ድንግዝግዝ አላዩትም።

አሁን ኡስታ ረጀብ ጉድ ፈላበት። ቀደም ብሎ ቢጮህ ኖሮ ሳቅ ብቻ ነበር። አሁን ገፍቶ ቢወጣ ማኅተም ሰባሪ ነው፤ ያውም ሌባ በተባለ በዚያው ቀን። ከባልዲው ጋር ያስገባውን ዘንቢል ፈተሸ፤ አንድ ቂጣ ተኩል፣ ሽንኩርት፣ ግማሽ ቅል ውኃ። ጆንያ አንጥፎ ተቀመጠ። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ እርግቦቹ ማታ ሲገቡ ከውስጥ ሆኖ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ሞቃት ነው። የሚያጉረመርም ቤት ነው፤ ከቤቱ ይሻላል እንኳ አለ፣ የእሱ ቤት አያጉረመርምለትም።

በማግስቱ ጠዋት በመሃለኛው ግንብ ውስጥ በሚጠማዘዘው ጠባብ ደረጃ ወደ አናቱ ወጣ። ደረጃው ለመውጫ አይደለም፤ ማማዎቹ ሥር ደርሶ ያበቃል፣ ከዚያ በላይ መንገዱ የክንፍ ነው። ነገር ግን ዓይን ቀዳዳው ላይ ቢያስጠጉ መንደሩ ሁሉ ይታያል። ኡስታ ረጀብ ቀዳዳ መረጠ፣ ሁለተኛ መረጠ፣ ሦስተኛው ላይ የራሱን ቤት በር አገኘ።

የሚጮህ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ሆኖ ይሰማ ነበር። አልጮኸም። ሌላ ነገር ገብቶበታል፤ ለማንም ቢነግረው የሚያፍርበት ነገር። ማን ይመጣ ይሆን? ማን መጥቶ ያንን በር «ረጀብ፣ አለህ?» ብሎ ያንኳኳ ይሆን? አንድ ሰው ቢያንኳኳ፣ አንድ ብቻ፣ ያኔ እጮሃለሁ አለ፤ ይሳቁ፣ እንደፈለጉ ይሳቁ። ተደግፎ ተቀመጠና በሩን ማየት ጀመረ።

ድመት መጣች፤ ደፍ ላይ ተቀምጣ ራሷን ላሰች፤ ሄደች። አንድ ሰው ወደ በሩ ሲያቀና ኡስታ ረጀብ ልቡ ዘለለ፤ ሰውዬው ግን ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ሸና፣ ሱሪውን አስተካክሎ መንገዱን ቀጠለ። እኩለ ቀን ላይ ምንጣፍ የሚያዞር ሻጭ አንኳኳ። እሱን አልቆጠረውም፤ ያ ሰው የሁሉንም በር ያንኳኳል። ሻይ ቤቱ ደጅ፣ አግዳሚው ላይ፣ በጸሐይ በኩል ያለው የሱ ቦታ ባዶ ነበር። ከቀትር በኋላ አንድ ሰው መጥቶ ተቀመጠበት። ዙሪያውን እንኳ አልተመለከተም።

ኡስታ ረጀብ ወደ ታች ወረደ። ሥራ መፍታት ስለማይወድ ቀዳዳዎቹን ቆጠረ። ማታ እርግብ የገባባቸውን ለየ፤ የሸረሪት ድር የዘጋቸውንም ለየ። ከሦስቱ ሁለቱ ባዶ ነው። በገውሀር ኻኑም ባል ጊዜ ከዚህ ግንብ መቶ አርባ ጆንያ ይወጣ ነበር፤ ያኔ ውስጡ ቆሞ ሰው ከሰው ጋር መነጋገር አይችልም፣ የክንፉ ድምፅ ያፍናል። አሁን እጁን አነሳና አንድ ጊዜ ጠንክሮ አጨበጨበ፤ አባቱ የነገረውን ድንጋጤ ለማየት። እርግቦቹ ተነሱ። አንድ ዙር ዞሩ፣ ተመለሱ። ላባ ወረደ። ያ ሁሉ ክንድ፣ ያ ሁሉ ቅስት፣ ለትልቅ ድንጋጤ የተሠራው ግንብ፣ ምንም አልተሰማውም።

«ይቅርታ» አለ ኡስታ ረጀብ። ለማን እንዳለው አላወቀም።

በሁለተኛው ማታ ቂጣው አለቀ። የሚያየውም በር ጨለመ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከላይ ሆኖ ጥቁር መከናነቢያ በሐብሐቡ ማሳ ዳር ሲመጣ አየ። ወደሱ ቤት ነው የሄደው። በሩን አንኳኳ፤ በእጅ አይደለም፣ በዱላ። ቆመ፣ ደግሞ አንኳኳ። ጎረቤት ጠየቀ፤ ጎረቤት ትከሻውን ነቀነቀ። ከዚያ ጥቁሩ መከናነቢያ ዞረና ወደ ግንቡ መጣ። ኡስታ ረጀብ እጮሃለሁ ያለውን ረሳ። ደረጃውን እየተንሸራተተ ወረደና ከተደፈነው በር ኋላ ቆመ፤ ጭድ ከልብሱ ላይ አራገፈ።

ውጭ ኮቴው ቆመ።

«ጫማው» አሉ ገውሀር ኻኑም።

ጫማው አፍንጫውን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ሊገባ እንዳለ ሰው ተቀምጧል።

«ጫማውን ትቶ የሚሄድ ኢስፋሃኒ የለም» አሉ። «ወይኔ። ኡስታ ረጀብ?»

ኡስታ ረጀብ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ ኻኑም።»

«የት ነህ?»

«ግንብዎ ውስጥ።»

«እዚያ ውስጥ ምን ታደርጋለህ?»

«በሩን ዘግቼ።»

«ከውስጥ?»

«ነፋስ ነበረ።»

ገውሀር ኻኑም በዱላቸው ጡቡን ነካ አደረጉ። «ሁለት ቀን ሙሉ ነፋስ ነበረ?»

«ማኅተሙ የእርስዎ ነው። ሰብሬ ብወጣ ምን ይሉኝ ነበር?»

ድንጋይ ሲያነሱ ሰማ። ማኅተማቸውን ራሳቸው መቱት፤ ከዚያ አንድ ጡብ፣ ሁለተኛ ጡብ፣ አንዱ ለሁለት ተሰበረ። እሱ ከውስጥ ተቀበለ። ቀዳዳው ሲሰፋ መጀመሪያ የገባው ብርሃን ነው፤ ቀጥሎ የገውሀር ኻኑም ራስ። «ሽታው!» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳይሉት ቀሩ። ወደ ላይ እያዩ ነበር። ከዚያ መከናነቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እግራቸውን አንስተው ገቡ። የአሥራ አንድ ግንብ ጌታ ልጅ፣ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

እርግቦቹ ተነስተው አንድ ዙር ዞሩ። ገውሀር ኻኑም ስምንቱን ክንዶች አንድ በአንድ አዩ፣ ቅስቶቹን፣ ከላይ በጡብ ክፍተት የሚወርደውን ብርሃን። አንድ ቀዳዳ ላይ ጣታቸውን ዘረጉ፤ የሸረሪት ድር ተከትሏቸው መጣ። የሚቀጥለውን ነኩ፤ ያም ድር ነው። የሚቀጥለውም።

«ያ ሁሉ ባዶ ነው?»

«ነግሬዎታለሁ።»

«እስከ ላይ?»

«እስከ ላይ ያለው ይብሳል።»

ድሩን ከጣታቸው ላይ ጠረጉ። «ወና ቤት ሽታው አንድ ነው» አሉ። «የኔም ላይኛው ፎቅ እንዲህ ነው የሚሸተው፣ ኩሱ ሲቀር።»

ኡስታ ረጀብ አንድ ጡብ አነሳና አቧራውን አራገፈ።

«ለምን አልጮህክም?»

«ማን እንደሚመጣ ልይ ብዬ።»

«ማን መጣ?»

«አንድ ድመት። አንድ ምንጣፍ ሻጭ። አንድ ሰው ደግሞ ግድግዳዬ ላይ ሸንቶ ሄደ።»

«ማነው እሱ ባለጌ?»

«ከላይ ሲታይ ቆብ ብቻ ነው።» ጡቡን አስቀመጠ። «እርስዎስ ለምን መጡ?»

«ለምን መጡ ይለኛል!» አሉ፤ ቁጣቸው ተመለሰላቸው፣ ፊታቸውም ቀለም አገኘ። «በማግስቱ ጠዋት ሻይ አፍልቼ ቁጭ። የተሰበረችውን ጡብ ነገር አዘጋጅቼ፣ ምን እንደምትመልስ፣ ምን እንደምመልስልህ፣ ሁሉን አዘጋጅቼ ቁጭ። የለህም። ሻዩ ቀዘቀዘ። በአሥራ ስድስት ዓመት አንድ ጠዋት ቀርተህ ታውቃለህ? ወይ ሞቷል ወይ አኩርፏል አልኩ። ማኩረፉን በዱላ እናስተወዋለን። ሞቶ ከሆነ ግን ለማን እከፍላለሁ?»

ኡስታ ረጀብ ጫማውን አድርጎ አዲስ ጭቃ አቦካ፤ አይ፣ መጀመሪያ አወለቀ፣ ከዚያ አቦካ። ጫማውን ግን በዚህኛው ጊዜ ገውሀር ኻኑም በእጃቸው ይዘውት ቆሙ፣ ሰውዬው የት እንዳለ እንዳይጠፋቸው። በሩ ከውጭ ተዘጋ። ጡብ የሚያቀብሉት እሳቸው ነበሩ፤ አንዱንም ሳይነቅፉ አላቀበሉም። ልስኑ ተለሰነ፣ ማኅተሙ አረፈ።

ከዚያ ገውሀር ኻኑም ከመከናነቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጠሮ ፈቱ። ገንዘቡን አውጥተው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። አልወረወሩም።

ኡስታ ረጀብ ቆጠረ። ጣቱን በምራቁ አርሶ ደግሞ ቆጠረ። ስልሳ ቱማን ነው፣ ቁልጭ ያለ ስልሳ። ወደ መንደሩ ተመለከተ። ጸሐይ በቤቱ በር ላይ ወጥታለች፣ ድመቷ ተመልሳ ተቀምጣለች። ነገ ጠዋት የሚሄድበት የለውም፤ ከነገ ወዲያም። እስከሚመጣው ዓመት፣ እርግብ ካለ።

«ኻኑም፣ አሞዎታል?»

«ምን ያመኛል?»

«አገር ሊለቁ ነው?»

«በዚህ ዕድሜዬ የት ልሂድ?»

«እንግዲያው ሒሳቡ ተሳስቷል።»

«ምኑ ነው የተሳሳተው?»

«ሙሉ ነው» አለ ኡስታ ረጀብ፣ አሥሯን ቱማን ለይቶ እጁን እንደዘረጋ።

ገውሀር ኻኑም ገንዘቡን አዩት። ቀጥለው እሱን አዩት፤ ረጅም ጊዜ። ከዚያ አሥሯን ከመዳፉ ላይ አንስተው መልሰው ቋጠሯት፣ በጥርሳቸውም ጭምር አጠበቋት።

«አንድ ጡብ ሰብረሃል» አሉ።

«እርስዎ ነዎት የሰበሩት!»

«እሱን ነገ እንነጋገራለን። ግን በጠዋት ና፤ ሻይ ሁለት ጊዜ አላፈላም።»

ጫማውን ሰጥተውት በማሳው ዳር ሄዱ። አሥሯ ቱማን ሳትከፈል አደረች።